አንቲፓይሬቲክ ምንድን ነው?

ጎንደር ፒያሳ አንዱ ፋርማሲ ገብቶ «አንቲፓይሬቲክ ስጠኝ» የሚል ሰው የለም። «የትኩሳት ማስታገሻ» እንላለን፤ አለዚያም በቀጥታ «ፓራሲታሞል»። ባዕዱ ስም ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ የምትገኘው፣ ማንም የማያነባት ወረቀት ላይ ነው።

ቃሉ ግሪክኛ ነው። «አንቲ» ፀር፣ «ፒሬቶስ» ትኩሳት። ፒሬቶስ የወጣው ደግሞ «ፒር» ከሚለው ነው፤ እሳት ማለት ነው። እኛም ከእሳት አልራቅንም። ትኩሳት ከ«ተኮሰ»፣ ንዳድ ከ«ነደደ» የመጡ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል የጴጥሮስ አማት የተኛችው በንዳድ ታማ ነው።

ላቲኖቹ በበኩላቸው «ትኩሳት አባራሪ» የሚል ስም ነበራቸው። የሲንኮና ዛፍ ቅርፊትም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ኪኒን የተባለው የወባ መድኃኒት የወጣው ከዚህ ቅርፊት ነው። ነገር ግን ኪኒን የሚገድለው የወባውን ተውሳክ ነው፤ ትኩሳቱ የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ፓራሲታሞል ተውሳኩን አይነካም።

ታዲያ ምን ይሠራል? በሽታ ሲገባብን ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የተባለ ኬሚካል ያመርታል። ይህ ኬሚካል አንጎል ውስጥ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ ያደርገዋል። ገላችን እየጋለ እኛ ግን በርዶን ጋቢ የምንደርበው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ኬሚካሉን ሲቀንሰው መቆጣጠሪያው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያልበናል፣ ይበርድልናል። ሌላው የትኩሳት ማስታገሻ አስፕሪን የዚህን ኬሚካል ምርት እንደሚያግድ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቷል። በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱም እሱ ነው።

ለእኔ «ፀር» ከሚለው ይልቅ የእኛው «ማስታገሻ» ሐቀኛ ነው። ወባ ከሚበዛበት ከመተማ ቆላ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰ ልጅ ሁለት ፍሬ ይውጥና ላብ ሲያጠምቀው «ተሻለኝ» ይላል። ወባው ግን ደሙ ውስጥ ነው። ደም ሳይመረመሩ በማስታገሻ መሰንበት ጎንደር ላይ አደገኛ ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው፣ ወባ የጎንደር ጎረቤት የሆነችውን ደንቢያን ከፈጀ ብዙም ሳይቆይ ነበር።

መጠኑም ቀልድ አይደለም። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ፓራሲታሞል ጤነኛ ጉበት ያለው አዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ትኩሳት ለያዘው ሕፃን ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ አስፕሪን አይሰጥም።