ከፍቺ በኋላ ልጅ ማን ዘንድ ያድጋል? ቀለቡንስ ማን ይከፍላል?

ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን የልጆቹንም ጉዳይ አብሮ መጨረስ አለበት። ልጁ ማን ዘንድ ይኖራል? ሌላው ወላጅ መቼና የት ያየዋል? ቀለቡስ ስንት ነው? አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይህ የሚታየው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት ይችላል።

«ሕፃን ልጅ የእናት ነው» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን አስቀርቶታል። በአንቀጽ 113 መሠረት ዳኛው የሚያየው የሁለቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው። ጡት ያልተወ ልጅ ከእናቱ እንዲለይ የሚጠይቅ አባት ግን ዛሬም ጠንካራ ምክንያት ይዞ ቢቀርብ ይሻለዋል።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የልጅ ጥቅም ይቅደም ይላል። ይህ የወረቀት ቃል ብቻ እንዳልሆነ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አሳይቷል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስት ነበረች። አባት ልጁን ልውሰድ ብሎ ጠየቀ። ችሎቱ አባትነት ብቻውን አይበቃም፣ ለልጁ የሚበጀው ይታይ ብሎ ለአክስት ወሰነ። ሰበር ለሕግ የሚሰጠው ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ መዝገቡ እስከዛሬ ይጠቀሳል።

ብዙ ሰው የሚንገላታው ግን በቀለብ ነው። ቀለብ ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም አለበት። ከደመወዝ ይህን ያህል ፐርሰንት የሚል ቀመር ግን ሕጉ ውስጥ የለም። የሚመዘነው የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው። ስለዚህ ነገሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውልና የሐኪም ቤት ወረቀት በአንድ ፋይል ይዞ የቀረበ ወላጅ፣ «ኑሮ ተወዷል» ብሎ ብቻ ከሚያመለክተው ይልቅ ሰሚ ያገኛል።

ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ለመሥሪያ ቤቱ ትዕዛዝ ይጻፋል፣ በየወሩ ይቆረጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። ነጋዴ፣ ሹፌር ወይም ደላላ ሲሆን ግን «ሥራ የለኝም» ይመጣል። ያኔ የመኪና ሊብሬ፣ የንግድ ፈቃድና ምስክር ፍለጋ ይጀመራል። በእኔ እይታ የአገራችን የቀለብ ችግር ከሕጉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ ገቢው የማይታይ ሰው ለማምለጥ ሰፊ መንገድ አለው። አቅም እያለው ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የከለከለ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ሊከሰስ ይችላል።

ሁለት ነገር ብዙዎች አያውቁም። አንደኛ፣ የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ የለም፤ በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ በመሃል ጊዜያዊ ቀለብና አሳዳጊ ይወስናል። ሁለተኛ፣ ውሳኔው የመጨረሻ አይደለም። ልጁ ገና ሲወለድ 1,500 ብር ተቆርጦለት ነበር እንበል። አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ወላጁ ይሻሻልልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ከፋዩም ሥራ ከፈታ እንደዚሁ። አሳዳጊነቱም ሁኔታው ሲቀየር እንደገና ይታያል።

ጉብኝት ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። ትዕዛዙ ለምሳሌ «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ከአባቱ ጋር ይዋል» ይላል። ከዚያ የት እንረካከብ የሚለው ይመጣል፤ መቼም የተኳረፉ ሰዎች በር ማንኳኳት አይወዱም። «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» እና «ካልከፈለ አያይም» የሚሉት ሁለቱም አያስኬዱም። ቀለቡም መገናኘቱም የልጁ መብት ስለሆነ አንዱ የሌላው መያዣ አይሆንም።

ሳይጋቡ የተወለደ ልጅም መብቱ እኩል ነው። አባትየው ካልካደ ቀለብ መጠየቁ አያስቸግርም፤ ከካደ ግን መጀመሪያ አባትነቱ መረጋገጥ አለበት። ከፍቺ በኋላ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደን ልጅ ሕጉ የቀድሞው ባል ልጅ ነው ብሎ ይገምታል።

ከወላጆቹ አንዱ ውጭ አገር ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። እናት ዓረብ አገር ሄዳ ልጁን አያት ጋ ትታ ከሆነ፣ ልጁን በተግባር ማን እያሳደገው ነው የሚለው ክርክር ይነሣል። ውጭ የተፈረደ የቀለብ ፍርድም እዚህ እንዲያው አይፈጸምም። ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከቻ ይቀርባል፤ ፍርዱን የሰጠው አገርም የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆን አለበት። ለዚህ ነው አንዳንዶች ከፋዩ እዚህ ቤት ወይም ሌላ ንብረት ካለው፣ የውጭውን ፍርድ ትተው እዚሁ አዲስ መዝገብ የሚከፍቱት።