የወለል ስፋት ምጣኔ ምንድን ነው?
በነባር ሰፈር አንድ አነስተኛ ቤት ፈርሶ በምትኩ ግዙፍ ቤት ሲቆም ጎረቤት «ይህ እንዴት ተፈቀደ?» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በወለል ስፋት ምጣኔ ስሌት ውስጥ ነው፤ የሁሉም ደርቦች ወለል ተደምሮ ለቦታው ስፋት ይካፈላል። ምጣኔው 0.5 ከሆነ በ500 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 250 ካሬ ሜትር ወለል ይፈቀዳል። ቤቱ የቦታውን ግማሽ ይሸፍናል ማለት ግን አይደለም፤ እኩል ሁለት ደርብ ከሆነ መሬት የሚነካው 125 ብቻ ነው።

የሚያናድደው የማይቆጠረው ነው። ከመሬት በታች ያለ ምድር ቤትና የመኪና ማቆሚያ በብዙ ደንቦች ከስሌቱ ይወጣሉ። ጣሪያው እስከ ሁለተኛው ደርብ የሚዘልቅ ሳሎንም አንዳንድ ቦታ አንዴ ብቻ ይቆጠራል፤ በጎረቤት ግቢ ላይ የሚጥለው ጥላ ግን የሁለት ደርብ ነው! ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2017 ደንቧን ስታጠብቅ ከስሌቱ ውጭ የሚተወውን የመኪና ማቆሚያ ስፋት ቀንሳለች።