«አብሽሪ፣ ኤዲት ላይ ይስተካከላል»፦ ስለ ቪዲዮ ኤፌክት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለቲክቶክ የሚሆኑ አጫጭር ቪዲዮዎችን ኤዲት እያደረግሁ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት «አብሽሪ፣ ኤዲት ላይ ይስተካከላል» የሚለውን ያህል የሰለቸኝ ነገር የለም። የሚሉኝ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺዎች ናቸው፣ ልብስ ነጋዴዎች ናቸው፣ ዘፈን ለማውጣት የሚደክሙ ልጆች ናቸው። አብሽር ወሎ ውስጥ ደግ ቃል ነው፤ የታመመውን፣ የከሰረውን፣ የጨነቀውን ሰው እናጽናናበታለን። ተበላሽቶ የተቀረጸን ቪዲዮ ግን አያድንም። ባለፈው ሳምንት ብቻ አራት ሰው ይህንኑ ብሎኝ ስለሄደ፣ የምሰማቸውን ስህተቶች ልጽፋቸው ተነሳሁ።

«ዝም ብላችሁ ቅረጹት፤ ስሎው ሞሽኑን እሷ ትጨምርበታለች»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የሚያበላሸው እስክስታን ነውና።

ስልካችሁ በተለመደው ሴቲንግ በአንድ ሰከንድ 30 ፎቶ ያነሳል፤ ቪዲዮ ማለት የእነዚህ ፎቶዎች ሰልፍ ነው። አንዱን ሰከንድ ወደ አራት ሰከንድ ጎትቼ ላዘግየው ብል 120 ፎቶ ያስፈልገኛል። እጄ ላይ ያለው 30 ነው። የቀሩት 90ዎቹ የትም የሉም፤ ማንም አላነሳቸውም። ያለኝ ምርጫ ሁለት ነው። ወይ እያንዳንዱን ፎቶ አራት አራት ጊዜ እደግመዋለሁ፣ ያኔ ቪዲዮው እየተቆራረጠ ይሄዳል። ወይ ደግሞ አፑ በሁለት ፎቶዎች መካከል ምን እንደነበረ ገምቶ እንዲሥል አደርጋለሁ። ግምቱ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ነገር ይሠራል። በጦሳ ተራራ ላይ ለሚያልፍ ደመና ወይም በእርጋታ ለሚራመድ ሰው እኔም እጠቀምበታለሁ። የወሎ ትከሻ ግን በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ሄዶ ተመልሷል! አፑ የሚያየው ጫፍና ጫፉን ብቻ ስለሆነ መሀሉን ሲሥል ትከሻውን ከአንገት ጋር ያቀልጠዋል፤ ድሪውን የተዳመጠ ጭረት ያደርገዋል።

አምና አንድ የወጣቶች የውዝዋዜ ቡድን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ይዞልኝ መጣ። ማታ አዳራሽ ውስጥ፣ በመብራት፣ በ30 ፍሬም (በሰከንድ 30 ፎቶ ማለት ነው) የተቀረጸ 40 ሰከንድ። «ትከሻው ላይ ስሎው አድርጊልን፣ ከኋላ የእሳት ብልጭታ ጨምሪበት» አሉኝ። አይሆንም ብዬ መመለስ ሲገባኝ ሁለት ሌሊት ታገልኩት። ያወጣሁትን ሳሳያቸው መሪ ተወዛዋዧ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና «ይሄማ እኔ አይደለሁም» አለች። እውነቷን ነበር። ያቺ ልጅ ስንት ዓመት የለፋችበትን እንቅስቃሴ ቆርጦ የጣለ ቪዲዮ ነበር የሰጠኋት።

ገንዘባቸውን መልሼ እንደገና እንዲቀርጹ ለመንኳቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጦሳ ግርጌ ባለ ሜዳ፣ ፀሐዩ ከጎን እየመታቸው፣ የዚያኑ ስልክ የስሎው ሞሽን ሁነታ 120 ላይ አድርገን ቀረጽን። ድሪው ከደረቷ ተነስቶ አየር ላይ ሲቆም፣ ትከሻዋ ቀድሞት ሲወርድ፣ ድሪው ዘግይቶ ሲከተለው አንድ በአንድ ይታያል። የእሳት ብልጭታውን ሳልጨምርበት ሰጠኋቸው፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ለምን በጠዋት ፀሐይ? መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ይህ ማለት ብዙዎቹ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ ማለት ነው። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ያየዋል። በ120 ፍሬም ስትቀርጹ አንዱ ፎቶ የደመቀውን፣ ቀጣዩ የፈዘዘውን ይይዝና ቪዲዮው ሲዘገይ ግድግዳው ይርገበገባል። በ30 ፍሬምም ቢሆን ርካሽ አምፖል ሥር የሚወርድ ጥቁር ሰንበር ሊመጣ ይችላል፤ 100 ለ30 እኩል አይካፈልምና። ለ25 ግን ይካፈላል። ስለዚህ ማታ በመብራት ከቀረጻችሁ 25 ፍሬም ምረጡ (አይፎን ላይ በካሜራ ሴቲንግ ውስጥ የፓል ፎርማትን ካበራችሁ 25 ይመጣላችኋል)፤ የመዝጊያ ፍጥነት (እያንዳንዱ ፎቶ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) የሚያስቀይር አፕ ካላችሁም 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት። እስክስታ በስሎው ሞሽን ከፈለጋችሁ ደግሞ ውጭ ውጡ።

«የነጣውን ታጠቁሪዋለሽ፣ የጨለመውን ታበሪዋለሽ»

ከዚህ ግማሹ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ስህተቱ የማይለቀው። ትንሽ የጨለመን ቪዲዮ ማብራት ይቻላል፤ የሚከፈለው ዋጋ ጥላው ውስጥ የሚንቀሳቀስ አሸዋ መሰል ነገር ነው። የነጣው ግን አይመለስም። ብዙ ስልክ የእያንዳንዱን ቀለም ብርሃን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይመዘግባል። ነጠላው ላይ ያለው ሁሉ 255 ከሞላ፣ ክሩም እጥፋቱም ጥለቱ አጠገብ ያለው ስስ ጥላም አንድ ቁጥር ሆኗል። እሱን ባጠቁረው ግራጫ ወረቀት እንጂ ነጠላ አይሆንልኝም። እናቶቻችን ፈትለው ያለበሱንን ልብስ ወረቀት አድርገን ማሳየት ያሳዝነኛል። መፍትሔው ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፦ ከመቅረጻችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ነጩን ልብስ በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆልፉት፣ ከዚያ የፀሐዩን ምልክት ጥቂት ወደ ታች ሳቡት።

«አረንጓዴ ጨርቅ ገዝቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ የፈለግሁት አገር ነኝ»

ጨርቁ ምንም ተአምር የለውም። አፑን «ይህን ቀለም ያለበትን ቦታ ሁሉ ቀዳዳ አድርገው» ብለን ነው የምናዘው። አረንጓዴ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት የካሜራው አሠራር ነው፤ የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ባገኘበት አደራደር፣ ከካሜራው ዳሳሽ አራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴን፣ አንዱ ቀይን፣ አንዱ ሰማያዊን ያነባሉ። ዛሬም አብዛኛው ስልክ በዚሁ መሠረት ላይ ነው። አረንጓዴ በጥራት ይነበባል ማለት ነው።

ነገር ግን ቀዳዳ አድርገው ሲባል ሁሉንም ነው። አንዲት ሙሽራ ከኋላዬ ሐይቅ ይሁንልኝ ብላ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቆማ ተቀርጻ መጣች። የሐበሻ ቀሚሷ ጥበብ አረንጓዴ ነበር። ከደረቷ እስከ እግሯ ድረስ ጥበቡ ጠፋና በቀዳዳው የሐይቅ ውኃ ታየ። ጥበቡን በእጅ፣ ፍሬም በፍሬም መልሼ ስሸፍን አንድ ሳምንት ሄደ። ሐይቅ ከተማ እኮ ከነውኃዋ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው! ታክሲ ተሳፍሮ መሄድ እየተቻለ ስለምን በጨርቅ ይደከማል?

ጨርቁ ግድ ከሆነ እነዚህን ጠብቁልኝ። ልብሱ ላይ አረንጓዴ ካለ ሰማያዊ ጨርቅ ስቀሉ። ጨርቁን ተኩሱት፤ እያንዳንዱ ሽብሽብ አንድ ደማቅና አንድ ጥቁር አረንጓዴ ይፈጥራል፣ አፑ ግን አንድ ቀለም ነው የተነገረው። ሰውየውን ከጨርቁ ሁለት ሜትር ያህል አርቁት፤ አለዚያ አረንጓዴው ጉንጩ ላይ ያርፋል። ለጨርቁ የራሱ መብራት ስጡት። ጎፈሬና ሹሩባ ላይ ጫፉ የሚቀረደደውም በእኔ ግድየለሽነት አይደለም። ስልኩ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ብርሃንን ለእያንዳንዷ ነጥብ፣ ቀለምን ግን ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ዓይናችን ይህን አይለይም፤ በቀለም ተመርቶ የሚቆርጥ አፕ ግን እያንዳንዷ ፀጉር ላይ ይሳሳታል።

«ጉም ጨምሪበት፣ ሲኒማ ይመስላል»

ለደሴ ሰው የውሸት ጉም ማሳየት ድፍረት ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን በየክረምቱ ከጦሳ የሚወርደውን ጉም ስናይ ያደግን ነን። ጉም በርቀት ይወፍራል፦ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይታያል፣ ከኋላው ያለው ቤት ይገረጣል፣ ተራራው ይጠፋል። አፕ ውስጥ ያለው ጉም ግን አፍንጫም ላይ ተራራም ላይ እኩል ይነጠፋል። በትክክል ለመሥራት ሰውየውን ከኋላው ካለው ነገር መለየት፣ ወፍራሙን ጉም ከኋላው ማስገባት፣ በጣም ስሱን ብቻ ከፊቱ ማሳለፍ፣ የሩቁንም ጥቁረት መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ፈቃደኛ ነኝ።

የማልችለው ሌላ ነው። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ የጃኬት ማስታወቂያቸውን እዚያው ኮምቦልቻ ቀትር ላይ አስቀርጸው መጡ። ኮምቦልቻ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ከተማ ናት። «የኔ ልጅ፣ ብርድ አስመስይልኝ» አሉኝ። ጉሙን ጨመርኩ፤ ጥቁር የፀሐይ ጥላ ግን ከሰውየው እግር ሥር ቁልጭ ብሎ ተኝቷል። ጉም ውስጥ እንዲህ ያለ ጥላ የለም፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ውሸት መሆኑን ያውቃል። «ጋሼ፣ ደመና በሆነ ቀን ደሴ ድረስ ይምጡና ያስቀርጹት» አልኳቸው። 25 ኪሎ ሜትር ነው። አልመጡም፤ ቪዲዮውን ያለ ጉም ለቀቁት፣ ከነጉሙ ከሚሆን ይሻላል።

አጫጭሮቹን ደግሞ ልለፍባቸው።

«4ኬ ካልሆነ ኤፌክት አይገባለትም» — ለቲክቶክ 1080 በ1920 ይበቃል፤ 4ኬ የሚጠቅመው በኋላ አቅርባችሁ መቁረጥ ካሰባችሁ ነው።

«ኤፌክት በበዛ ቁጥር ተመልካች ይበዛል» — አይበዛም።

«አይፎን ስለሆነ ቀለሙ አያሳስብም» — የኤችዲአር ቪዲዮ (ደማቁንና ጨለማውን አብሮ ለመያዝ የሚሞክረው ሁነታ) በርቶ ከተቀረጸ አንዳንድ ኤዲቲንግ አፕ ላይ ነጣ ብሎ ይመጣል፤ ለኤፌክት የምትቀርጹ ከሆነ አጥፉት።

«ያለ ውድ ኮምፒውተር ኤፌክት አይሠራም» — ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1896 ሴትን ከወንበር ላይ ያጠፋው ካሜራውን ሳያንቀሳቅስ አቁሞ፣ ሴትየዋን አስነስቶ፣ እንደገና በማስጀመርና ፊልሙን በመቀጠል ነው። ዛሬ ጣት ሲጮህ ልብስ የሚቀየርበት ቪዲዮ ሁሉ ይኸው ብልሃት ነው። ሰኞ ገበያ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ደንበኛዬ ይህንን ስትቀርጽ ስልኩን ወንድሟ በእጁ ይዞላት ነበር። ልብሱ ተቀየረ፤ ከልብሱ ጋር ግን መደርደሪያውም በሩም ዘለለ። አንድ ርካሽ ትሪፖድ፣ እሱ ከሌለም ሁለት ጡብና ላስቲክ፣ ከእኔ የሁለት ምሽት ሥራ ይበልጣል።

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አሁን ሁሉን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል»

ሰውን ከጀርባው ቆርጦ ማውጣት አፑ በአንድ ንክኪ ይሠራል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ጥቁር ልብስ ለብሶ ጥቁር በር ፊት የቆመውን፣ ነጠላ ሲያጣፋ ጨርቁ ከአየር ጋር የሚቀላቀለውን ግን ይስታል፤ የሳተውን የማርመው እኔ ነኝ። 10 ሰከንድ በ30 ፍሬም 300 ፎቶ ነው። አንዱን ለማረም አንድ ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ አምስት ሰዓት ሆነ። ዋጋ ስነግራችሁ እባካችሁ ይህን ቁጥር አስቡልኝ።

«በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፤ ያው ነው»

ያው አይደለም። ቴሌግራም ላይ በቪዲዮ መልክ ስትልኩት ይጨመቃል፤ ዋትስአፕም እንዲሁ። እናንተ ስልክ ላይ አሪፍ የነበረው ፊት እኔ ጋ ሲደርስ ካሬ ካሬ ነው፣ አፑም ከነዚያ ካሬዎች ላይ የፀጉርን ጫፍ ሊለይ አይችልም። ስትልኩ «ፋይል» የሚለውን ምረጡና ከዚያ ውስጥ ቪዲዮውን አምጡት፤ እስከ 2 ጊጋባይት ሳይነካ ያልፋል። ኔትወርኩ ከከበደ ፍላሽ ወይም ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ ኑ። ቲክቶክ ላይ ከለጠፋችሁት በኋላ መልሳችሁ ያወረዳችሁትን አታምጡልኝ፤ እሱ ሁለቴ ተጨምቋል። ደግሞም ዋናውን ቅጂ፣ ሥራው አለቀ ብዬ እስክደውልላችሁ ድረስ፣ ከስልካችሁ ላይ አታጥፉ።