ቡገንቪሊያ፦ ስለ ተክሉ አጠቃላይ መረጃ

ባህር ዳር፣ ሀዋሳ ወይ ድሬዳዋ የሄደ ሰው ቡገንቪሊያን በስም ባያውቀው እንኳን በመልክ ያውቀዋል፣ ግን ያ አጥር ላይ የሚንዠረገገው ወይንጠጅ፣ ቀይ፣ ብርቱካን ወይ ነጭ ነገር አበባው አይደለም፣ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው፣ ሲነኩትም እንደ ወረቀት ነው። እውነተኛዋ አበባ መሀሉ ላይ ያለችው ነጭ፣ ቱቦ የምትመስል ትንሽዬ ነገር ናት። ብዙ ጊዜ 3 ባለቀለም ቅጠልና 3 አበባ አብረው ይወጣሉ። ቀለሙ ቤታሌይን የሚባለው ነው፣ ቀይ ሥርን የሚያቀላው ማለት ነው፣ የጽጌረዳ ግን ሌላ ነው።

የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ብራዚል፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያና ሰሜን አርጀንቲና።

ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የባህር ኃይል መኮንን ከሉዊ አንትዋን ደ ቡጌንቪል ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን በመርከብ ሲዞር ፊሊበር ኮሜርሶን የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ አብሮት ነበር፣ እሱም በ1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ አካባቢ ተክሉን አግኝቶ መዘገበው። ረዳቱ ዣን ባሬ ሴት ነበረች፣ በዚያን ጊዜ ሴት በፈረንሳይ የባህር ኃይል መርከብ መሳፈር ስለማይፈቀድላት ወንድ መስላ ነው የሄደችው፣ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት የምትባለውም እሷ ናት። ኮሜርሶን እግሩን ያመው ስለነበር ተክሉን መጀመሪያ ያየችው እሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ አሉ፣ ለኔም ያሳምነኛል፣ ስሙ ግን ለጉዞው መሪ ለቡጌንቪል ተሰጠ። በ1789 አንትዋን ሎራን ደ ዡስዩ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በመጽሐፍ አወጣው።

ስንት ዝርያ አለው በሚለው ባለሙያዎቹ አይስማሙም። በየግቢው የምናያቸው ግን በአብዛኛው ግላብራ፣ ስፔክታቢሊስና ፔሩቪያና ከሚባሉት ዝርያዎች የመጡና የተዳቀሉ ናቸው።

ሐረግ ይባላል እንጂ እንደ ወይን የሚጠመጠም ጅማት የለውም፣ በእሾሁ ሌላው ላይ እየተንጠላጠለ ነው የሚወጣው፣ እስከ 12 ሜትርም ይደርሳል። ውርጭ አይችልም፣ ፀሐይና ድርቅ ግን ይችላል፣ እንደውም ውሃና ማዳበሪያ ያበዙለት ሰዎች ቅጠል ብቻ ነው የሚያገኙት፣ አፈሩ ደረቅ ሲል ነው ቀለሙ የሚፈነዳው። አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያብብ አበባው እንዳለፈ መግረዝ ጥሩ ነው፣ ከተገረዘው ውስጥ ጠንከር ያለውን መርጦ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ቢተክሉት ሥር ያወጣል። ጓንት ይደረግ፣ እሾሁ ወግቶት ቆዳው የሚቆጣ ሰው አለ።