«ኤፍዲኤ የተመዘገበ» ሲል ማን ነው የተመዘገበው?
ድሬዳዋ ውስጥ በሚሸጥ የቫይታሚን ብልቃጥ ላይ «ኤፍዲኤ የተመዘገበ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር የተመዘገበው ፋብሪካው እንጂ እንክብሉ አይደለም። ኤፍዲኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ሰፕሊመንትን (እንደ ቫይታሚንና የዓሣ ዘይት ያለ ከምግብ ተጨማሪ የሚወሰድን ምርት) እንደ መድኃኒት መርምሮ ለገበያ አያጸድቅም፤ እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ሕግ ኃላፊነቱን ለአምራቹ ትቶታል። ስለዚህ ጽሑፉ ለሻጩ ማስታወቂያ ነው፤ ለገዢው ብዙም አይጠቅምም።

የሚሻለው የመድኃኒትና የሰፕሊመንት የጥራት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ ድርጅት ዩኤስፒ የሚሰጠው «ዩኤስፒ ቬሪፋይድ» (በዩኤስፒ የተረጋገጠ) የሚለው ምልክት ነው። የተጻፈው ንጥረ ነገር በተጻፈው መጠን እንዳለ፣ እርሳስን የመሰለ ብክለት ከገደቡ እንዳላለፈ፣ ክኒኑም በጊዜው እንደሚሟሟ ተፈትሿል ማለት ነው። ይፈውሳል ግን አይልም። ምልክቱም ሊኮረጅ ስለሚችል የምርቱን ስም በዩኤስፒ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ።

የድሬን ሙቀትም አትርሱ፦ ፀሐይ ላይ የተደረደረ፣ እንክብሎቹ እርስ በርስ የተጣበቁበት የዓሣ ዘይት የዩኤስፒ ምልክቱ እውነተኛ ቢሆንም አይገዛም።