ቀበሌ በደሴ፦ አገልግሎት፣ ቁጥጥርና የራስ ሐሳብ

ደሴ ውስጥ የመንግሥት ጉዳይ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ቀበሌ ነው። መታወቂያ የሚያወጣው እዚያ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባም እዚያ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ የቀበሌ ቤት ጉዳይ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ጸብ እዚያው ይደርሳል። ከአራዳ እስከ ቧንቧ ውሃ የሚኖር ሰው ከንቲባውን በአካል ሳያይ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። የቀበሌውን ሊቀመንበር ግን ያውቃል። ሊቀመንበሩም እሱን ያውቁታል።

ይህ ዳሰሳ ስለዚህ ተቋም ነው። በተለይ ደግሞ ሰው የራሱን ሐሳብ ይዞ እንዲኖር ወይም እንዳይኖር ስላደረገው ነገር ነው። ሰውን ዝም የሚያሰኘው ሁልጊዜ እስር ቤት አይደለም። ቤቱን፣ ስኳሩንና መታወቂያውን የሚሰጠው አካል አቋሙንም የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሰው ሳይታሰርም ዝም ይላል። በእኔ እምነት በደሴና በኮምቦልቻ ከሁሉም በላይ ነጻነትን የጎዳው ይህ ነው።

ከቀበሌ በፊት

ነገሩ በቀበሌ አልተጀመረም። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ቦሩ ሜዳ አለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. እዚያ ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተዋል። በክርስቲያኖች መካከል ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረው ክርክር በተዋሕዶ ወገን አሸናፊነት ተዘጋ። ከዚያም ሁሉም ወደ አንድ እምነት እንዲገባ ቀነ ገደብ ወጣ። ከተዋሕዶ ለተለዩ ክርስቲያኖች 2 ዓመት፣ ለሙስሊሞች 3 ዓመት፣ ለሌሎች 5 ዓመት ተሰጠ።

ሹመት ለያዙ ሙስሊሞች ግን ይህ ጊዜ አልተሰጠም። ወይ ወዲያው መጠመቅ ወይ ሹመቱን መልቀቅ ነበረባቸው። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ። በኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉትና አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው። የሃይማኖት መምህሩ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ሸፈቱ። ከሁለቱ መሐል የቀረው ብዙ ሰው የራሱን መንገድ አበጀ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። ይህ አባባል ዛሬ ለጨዋታ ይነገራል። እኔን ግን ስሰማው ያሳዝነኛል እንጂ አያስቀኝም። ሥልጣንና እንጀራ ከእምነት ጋር ሲታሰሩ ሰው ሁለት ኑሮ ለመኖር ይገደዳል።

የወሎ ሰው ከቤተ መንግሥት ውጭ የራሱ ስብሰባዎችም ነበሩት። በኮምቦልቻ አካባቢና ከዚያም ወዲያ እንደ ጌታና ጃማ ንጉሥ ያሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ነበሩ። ደረሳው፣ ማለትም የሃይማኖት ተማሪው፣ መምህሩን መርጦ፣ አገር አቋርጦ ይመጣል። ወዳጃ አለ። ሰው ተሰብስቦ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ የተጣላ ይታረቃል። ሙስሊሙ ጠርቶ ክርስቲያኑ ሊገኝ ይችላል። ስም መዝጋቢ የለም።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ለሐሳብ ትልቁን ቦታ የያዘው ትምህርት ቤት ነበር። የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ነው። ዋለልኝ መኮንን የተማረው እዚህ ነው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጻፈ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከጓደኞቹ ጋር ተገደለ። በጽሑፉ የሚስማማም አጥብቆ የሚቃወምም ዛሬም አለ። ክርክሩን በግልጽና በጊዜው ማድረግ ቢቻል ኖሮ፣ የዚያ ትውልድ ልጆች ወደ መሣሪያና ወደ ጠለፋ ባልሄዱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ጊዜ የወሎ ረሃብ መጣ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ያለቀው ሕዝብ እንደ ገማቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። ደሴ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች፤ ረሃቡን በዓይኗ ታይ ነበር። መንግሥት ግን ወሬው እንዲወጣ አልፈለገም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም አሳየው። ዝምታው የሰው ነፍስ አስከፍሏል። ስለ ሐሳብ ነጻነት ሲወራ ወሎዬ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

የቀበሌ መወለድ

ቀበሌን የወለደው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ይህ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ተፈቀደለት። በወር እስከ 100 ብር ይከራዩ የነበሩ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራይ ተቀነሰ። ለደሴ ድሃ ተከራይ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ሊቀመንበሩን የመረጠውም ያው ነዋሪ ነበር። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ቀበሌን የወደደው ስለዚህ ነው።

ግን አንድ ዓመት ብዙም ሳያልፍ በ1969 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 መጣ። ቀበሌ የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድ ይዞ ተጠናከረ። ኪራይ የሚቀበለው ቢሮ ጠመንጃም ያዘ። ቀይ ሽብር ሲታወጅ ቀበሌው አሳሽ፣ አሳሪና መርማሪ ሆነ። ደሴ ተማሪ የሞላባት ከተማ ነበረች። ከኢሕአፓ ደጋፊዎች ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሚያስሷቸውም ያደጉበትን ቤት የሚያውቁ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። እናት ልጇን የት እንደምትጠይቅ ታውቅ ነበር። ቀበሌ ሄዳ ነው።

ሽብሩ አለፈ፤ አሠራሩ ግን ቀረ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በካርድ ይታደል ነበር። ስብሰባ ያልመጣ ሰው ስኳር ሲወስድ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ኮታውን የሚሞላው ቀበሌ ሆነ፤ ወጣት ማታ ከመንገድ ይታፈስ ጀመር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የሰፈራው ዘመቻ መጣ። ወደ ምዕራብና ደቡብ ከተጓጓዘው ወደ 600 ሺህ ከሚጠጋ ሰው ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። ወዶ የሄደም አለ። እህል ሊቀበል ተሰልፎ መኪና ላይ የተጫነም አለ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጎ ነገርም ወጥቷል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በቀበሌ አዳራሽ ብዙ እናቶችና አባቶችን ፊደል አስቆጥሯል። ኪነትም ነበር። የወሎ ላሊበላ ኪነት አገር የሚያውቃቸውን ድምፃውያን አፍርቷል። ችሎታው የልጆቹ ነው። መድረኩ ግን የመንግሥት ስለነበር አብዮቱን ማወደስ ግድ ነበር።

ከ1983 ወዲህ

ኢሕአዴግ ሲገባ የቀበሌ ሱቁና የይለፍ ወረቀቱ ቀሩ። ቀበሌው አልቀረም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ የግል ጋዜጣ ደሴ ፒያሳ ላይ ተሸጠ፤ ሻይ ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በ27 የእምነትና የሕሊና፣ በ29 የአመለካከትና ሐሳብን የመግለጽ፣ በ30 የመሰብሰብ መብትን አረጋገጠ። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ግን መንገዱ ጠበበ። በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 እና የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ወጡ። ቀበሌ ላይ ደግሞ አንድ ለአምስት መጣ። ገበሬው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የቤት እመቤቷ በአምስት በአምስት ተደራጁ። የተነገረው ዓላማ ልማት ነበር። ሕዝቡ ግን ጥርነፋ አለው። የብድር፣ የማደራጃና የሥራ ዝርዝር በዚያው ሰንሰለት ሲያልፍ፣ አባል ያልሆነ ሰው በገዛ ከተማው እንደ እንግዳ ይቆጠር ጀመር።

በዚያ ጊዜ ደሴ ላይ ጎልቶ የወጣው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ «ድምፃችን ይሰማ» ካሉት ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። አንዱ ጥያቄያቸው ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የመጅሊሱ ምርጫ በመስጊድ ይሁን አሉ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ምርጫው ተካሄደ፤ በቀበሌ ነበር የተካሄደው። የሃይማኖት መሪን ለመምረጥ ሰው ለምን መታወቂያ ወደሚያወጣበት ቢሮ ይሂድ? ጥያቄው ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የበጎ አድራጎትና የፀረ ሽብር አዋጆቹ በ1113/2011 እና በ1176/2012 ተተኩ። አዲሶቹ የተሻሉ ናቸው። የጥላቻ ንግግር አዋጅ 1185/2012ም ተጨመረ። ከዚያ ግን ጦርነቱ መጣ፤ ስለ ሕግ የሚያወራ ሰው ጠፋ። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ተጠለለ። ቀበሌውም እድሩም እናቶችም እንጀራ እየጋገሩ አበሉት፤ አብሽር እያሉ ተቀበሉት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከተሞቹ የተለቀቁት በኅዳር ወር መጨረሻ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለአማራ ክልል መጣ፤ ተራዝሞም እስከ 2016 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ቆየ። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ዜና፣ ገንዘብ ማስተላለፍ፣ የውጭ ልጅ ድምፅ ሁሉ አብሮ ተዘጋ። በደርግ ጊዜ ስኳር የሠራውን ሥራ አሁን ኔትወርክ ሠራው።

እድር

ደሴ ውስጥ ከቀበሌ እኩል ሁሉም ቤት የሚገባ አንድ ተቋም ብቻ አለ፤ እድር። አባሉ ወርኃዊ መዋጮ ይከፍላል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ የጋራ ነው። ጥሩምባ ነፊው ሞት ያውጃል። የእድሩን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አባላቱ ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ራሳቸውም ያወርዳሉ። በብዙ ሰፈር ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ እድር ውስጥ ናቸው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ፣ ሌላው መቃብር ድረስ ይሸኛል።

ይህን የማነሳው ስለምወደው ብቻ አይደለም። እድር ሰው አቋሙን ሳይጠየቅ የሚረዳበት ቦታ ነው። የማንን ፓርቲ እንደሚደግፍ ተጠይቆ ሳይቀበር የቀረ ሰው የለም። በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ ሰዎች ስለ ሂሳብ ጉድለት ሲጨቃጨቁ የሰማ ሰው፣ ኃላፊን ፊት ለፊት መጠየቅ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ እንዳልሆነ ያውቃል። ያው ሰው ቀበሌ ስብሰባ ላይ ዝም የሚለው መናገር ስለማይችል አይደለም። ነገ ደብዳቤ ስለሚያስፈልገው ነው።

መታወቂያው

አሁን የቀበሌው ወረቀት መታወቂያ ቦታውን ለፋይዳ እየለቀቀ ነው። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ዲጂታል መታወቂያ ነው። አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። የባንክ ሂሳብን ጨምሮ ብዙ አገልግሎት ከእሱ ጋር እየተያያዘ ነው።

ፋይዳ አንድ ትልቅ መልካም ነገር አለው። ብሔርም ሃይማኖትም አይጽፍም። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ብሔር የሚል መስመር ነበረው። አባቷ ኦሮሞ፣ እናቷ አማራ፣ አያቷ አርጎባ የሆነች የደሴ ልጅ አንዱን መርጣ እንድትጽፍ ትጠየቅ ነበር። መስመሩ መቅረቱ ለወሎ ሰው እፎይታ ነው።

ስጋቱ ሌላ ነው። ድሮ ስለ አንድ ሰው የሚታወቀው ሰባት ቦታ ተበታትኖ ነበር። አሁን በአንድ ቁጥር ሊሰበሰብ ይችላል። ቁጥሩን የሚዘጋ አካል ባንኩንም፣ ሲም ካርዱንም፣ ሥራውንም ሊነካ ይችላል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከፋይዳው እኩል መታወቅ አለበት። አዋጁ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይና ስህተት ካለ እንዲታረም እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። የደሴና የኮምቦልቻ ቀበሌዎች የምዝገባ ቀንና ሰዓት በር ላይ እንደሚለጥፉት፣ ይህንንም መብት በአንድ ገጽ ጽፈው አጠገቡ ቢለጥፉት ብዙ ወጪ የለውም።