ነፃ ሶፍትዌርና የቤት ሰርቨር በድሬዳዋ

የቤት ሰርቨር የሚባለው ፎቶ፣ ፋይል፣ ፊልም ወይም ድረ ገጽ የሚቀመጥበት የራስ ኮምፒውተር ነው። ዕቃው ባሕር ማዶ ባለ ኩባንያ ማሽን ላይ መሆኑ ይቀርና እዚሁ ሳሎን ጥግ ይሆናል። የሚሠራበትም ባብዛኛው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ድሬ ላይ ይህን ለመጀመር ብዙ ብር አይጠይቅም። ታይዋን ገበያ ወይም ከሰው እጅ የተገዛ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ራውተር ይበቃሉ።

መጀመሪያ ግን «ነፃ» የምትለዋ ቃል ትጥራ። «በነፃ ወሰድኩት» ስንል አልከፈልኩም ማለታችን ነው። «ነፃ ወጣ» ስንል ግን ሌላ ነገር ነው። ነፃ ሶፍትዌር የሁለተኛው ወገን ነው። አሜሪካዊው ፕሮግራም ጸሐፊ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት የመሥራት ውጥኑን፣ ይፋ ያደረገው በዚህ ሐሳብ ነበር። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን ለፈለገው ሥራ ያውለዋል፣ ውስጡን አይቶ ይቀይረዋል፣ አባዝቶ ይሰጣል፣ ያሻሻለውንም ያካፍላል። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የማስኬጃ ሥርዓት እምብርት የሆነውን ሊኑክስን ለቀቀ። ዛሬ በዊንዶውስ ፋንታ የምንጭናቸው ዴቢያንና ኡቡንቱ የሁለቱ ሥራ ተገጣጥሞ የተገኙ ናቸው፤ በተለምዶ እነሱንም ሊኑክስ እንላቸዋለን። ኡቡንቱን በ2004 ያስጀመረው ማርክ ሻትልዎርዝ ደቡብ አፍሪካዊ ነው፤ ስሙም ከዚያው ከደቡቡ የአህጉራችን ክፍል ቋንቋዎች የተወሰደ ነው።

«ዊንዶውስም እኮ በነፃ ነው፣ አቦ!» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን፣ ማለቱ ነው። ክራኩን ማን እንደሠራውና ውስጡ ምን እንደከተተበት ግን አያውቅም። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ስንቱን የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳስለቀሰ ፍላሽ የተዋዋሰ ሁሉ ያስታውሳል። ሊኑክስ የጫነ ሰው ግን ያንኑ ነገር በግልጽ፣ በፈቃድ ያባዛል። አንድ ፍላሽ ለሰፈሩ ይዳረሳል፣ ሕግም አይጣስም።

ሰዎች በቤት ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጭኑት ጥቂት ነገር ነው። ኔክስትክላውድ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን የስልክን ፎቶ ራሱ እየሳበ ያስቀምጣል። ጄሊፊን ፊልምና ሙዚቃ ለቤቱ ቴሌቪዥንና ስልክ ያደርሳል። ኪዊክስ ደግሞ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ኪዊክስ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነፎቶው 100 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። አንዴ ከወረደ በኋላ የግቢው ልጆች በሙሉ በዋይፋይ ያነቡታል፣ ካርድ የሚበላ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ነው የድሬ ጉዳይ የሚለየው። ሌላ አገር የቤት ሰርቨር የሚያቆሙ ሰዎች ብዙ የሚያነሡት ምሥጢራቸውን ከኩባንያ ስለመጠበቅ ነው። እኛ ዘንድ ግን መስመር ሲጠፋም ቤት ውስጥ ያለው መሥራቱ ይቀድማል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሩቅ ያለ ፎቶ የለም ማለት ነው። ቤት ያለው ሰርቨር ግን ከራውተሩ እስከ ስልኩ ያለችው አጭር መንገድ ትበቃዋለች።

ጠላቱ ሙቀትና መብራት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ 35 ዲግሪ ይደርሳል። የመጀመሪያዬን ላፕቶፕ ቡፌ ውስጥ ነበር የቆለፍኩበት፣ ልጆች እንዳይነኩት ብዬ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በየቀኑ ራሱን ያጠፋ ነበር። ሶፍትዌሩን ስመረምር ሳምንት ፈጀሁ። አውጥቼ መደርደሪያ ላይ አራት የጠርሙስ ክዳን ከሥሩ አድርጌ ከፍ ሳደርገው፣ ማራገቢያውንም ከአቧራ ሳጸዳው ዳነ። መብራት ሲሄድ ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ ይይዘዋል። ዴስክቶፕ ከመግዛት አሮጌ ላፕቶፕ የሚሻለው ለዚህ ነው። ግን ባትሪው ካበጠ ወዲያው ይውጣ፣ እሳት ያስነሣል። ራውተሩም አብሮ እንዳይጠፋ ለብቻው ትንሽ ባትሪ ይፈልጋል። በሜሞሪ ካርድ የሚሠሩት ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች መብራት በድንገት ሲሄድባቸው ካርዱ ይበላሻል። የእኔ ሁለት ካርድ እንዲህ ሄዷል።

ሰርቨሩን ከቤት ውጭ ማግኘት ከባዱ ክፍል ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ኔትወርኩን መጀመሪያ የሞከረው ድሬዳዋ ላይ ስለነበር አማራጭ ቀድሞ የመጣልን እኛ ነን። ይሁንና በሞባይል ዳታ የተገናኘ ቤት ባብዛኛው የራሱ የሕዝብ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ከውጭ ኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት ቁጥር፣ የለውም። ብዙ ደንበኛ አንዱን አድራሻ ይጋራል፣ ስለዚህ ከውጭ የሚያንኳኳ ሰው በሩን አያገኘውም። መፍትሔው ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ዋየርጋርድ በሚባለው፣ ሁለት ኮምፒውተሮችን በተቆለፈ መስመር በሚያያይዝ ነፃ ሶፍትዌር ከቤቱ ጋር ማገናኘት ነው። ኪራዩ በዶላር ስለሆነ ውጭ ያለ ዘመድ ካልከፈለ ያስቸግራል። ለጀማሪ የምመክረው እስከ ግቢው በር ድረስ ብቻ እንዲሠራ ነው። ኢሜይልን በቤት ሰርቨር ማስኬድ ግን ባይጀመር ይሻላል። ከቤት አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ትልልቆቹ አገልግሎቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ አይፈለጌ ተብሎ ይጣላል።

ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሉን ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ለነገ አይባልም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ቤት ንብረትም ጠርጎ ሄደ። አሸዋማው ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ሁለተኛውን ዲስክ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ምንም ማለት አይደለም። የእኔ ሐረር፣ አክስቴ ቤት ነው ያለው። ሽቅብ በሄድኩ ቁጥር አዲሱን ዲስክ አድርሼ አሮጌውን ይዤ እመለሳለሁ። ዲስኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነው፣ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ እናቴ ዘንድ ተቀምጧል።